አያ ታረቀኝ ያዩት ሻጋታ

የአያ ታረቀኝን ሞት የሰማሁት ወረታ ገበያ፣ ጎመን ስገዛ ነው። ጎመን ሻጯ እሳቸው ከሚኖሩበት ቀበሌ የመጣች ሴት ናት። ጎመኑን በቃጫ እያሰረች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ሰማሽ አይደል? ያ ሻጋታ ወዳዱ ሽማግሌ አረፈ። ሐሙስ ተቀበረ» አለችኝ።

«ስም አላቸው እኮ!» ብዬ ጮኽሁባት። ሴትዮዋ ደንግጣ አየችኝ። ምን አጠፋች? ምንም። ጎመኑን ጥዬላት ሄድሁ። ግማሽ መንገድ ከሄድሁ በኋላ ነው በማን እንደተናደድሁ የገባኝ። እኒህን ሰው «ሻጋታ ወዳዱ» ያሰኘኋቸው እኔው ነኝ። ከዚያም የባሰ አለ። ልነግራቸው የሚገባኝን አንድ ነገር፣ አንዲት አጭር ነገር፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤ ኖሬአለሁ። ለፋሲካ እነግራቸዋለሁ፣ ገበያ ሲወጡ እነግራቸዋለሁ ስል ስል፣ ሐሙስ ተቀበሩ።

ያን ጊዜ ከኮሌጅ የወጣሁ አዲስ የግብርና ባለሙያ ነበርሁ። አፌ እንጂ እጄ ገና ያልተፈታ። የተመደብሁት ከፎገራ ሜዳ ዳር፣ መሬቱ ወደ ወንዛዬ አቅጣጫ ከፍ ማለት ከሚጀምርበት ቀበሌ ነው። ታች ሜዳው ክረምት ውኃ ተኝቶበት ሩዝ ያበቅላል። እኛ ዘንድ ግን ውኃው አይተኛም። ገበሬው በበጋ ከጉማራ ወንዝ በሞተር እየሳበ ሽንኩርት ነው የሚተክለው። ጉማራ ሲጎድል ውኃው በተራ ይሆናል፤ ተራው ያለፈው ሽንኩርት ደግሞ ሦስት ቀን አይቆምም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉን ሰብስቤ፣ ከምርምር ቦታ የተላከልኝን አንድ ከረጢት አፈር አወጣሁ። ውስጡ ፈንገስ አለ አልኋቸው። ከተክሉ ሥር ጋር ተጋብቶ የሚኖር፣ ከፀጉር የቀጠነ፣ ሥሩ ከማይደርስበት ድረስ ሄዶ ውኃ የሚያመጣ። ድርቅ ሲመጣ ተክሉን ያቆመዋል አልሁ።

«ፈንገስ ምንድን ነው?» አለ አንዱ።

«ሻጋታ በሉት» አልሁ፣ በገዛ አፌ።

ሰዉ ሳቀ። አያ ምትኩ የሚባሉት፣ የአያ ታረቀኝ የማሳ ጎረቤት፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው፣ ብድግ አሉና «ልጄ፣ ሻጋታ ከሆነ የምትፈልጊ ጎተራዬ ድረስ ነይ፤ ዘግነሽ አትጨርሽውም!» አሉ። ሳቁ እንደገና ፈነዳ። እኔ ከረጢቴን አቅፌ ቆሜ ቀረሁ። ሰዉ ሲበተን አንድ ረዥም ቀጭን ሽማግሌ ብቻ አልሄዱም። መጥተው ከከረጢቱ ቆንጥረው በሁለት ጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ፀሐይ አዩት።

«ሥሩ ላይ ነው ያልሽኝ የሚኖር?»

«አዎ፣ አያ።»

«አይጣሉም?»

«ከማን ጋር?»

«ከሥሩ ጋር ነዋ! አንድ ቤት እየኖሩ።»

አይጣሉም አልኋቸው። ተክሉ ምግብ ይሰጠዋል፣ እሱ ውኃ ያመጣለታል። «እንግዲያማ ሎሌ አይደለም፤ ባልንጀራ ነው» አሉ። ትንሽ አሰቡና «መቼ ነው የማየው?» ብለው ጠየቁኝ። በዓይን አይታይም አልሁ። «ምን ማለትሽ ነው? ውኃ የሚቀዳልኝን ሰው መልኩን ሳላየው ልሙት?» አሉና ከረጢቱን ከእጄ ተቀብለው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። እኔ ከኋላ ተከተልሁ።

አያ ታረቀኝ እንዲህ ነበሩ። ካላዩ አይሆንላቸውም። ዶሮ እንቁላል ላይ ስትተኛ በየቀኑ እንቁላሉን ወደ ብርሃን ያነሣሉ። ስለ ሰው መጥፎ ሲወራ «አየኸው?» ይላሉ። ካላየ ወሬው እዚያው ያበቃል። ሰዉ «ታረቀኝ ካላየ» እያለ ይቀልድባቸው ነበር፤ እሳቸውም ይስቃሉ።

ከጓሯቸው መደብ ሠራን። ላስቲክ አነጠፍን፣ አፈሩን በወንፊት ነፋነው፣ ሸፍነን በፀሐይ ሙቀት አጠንነው፣ ከዚያ ከከረጢቱ ጨምረን በቆሎ ዘራንበት። ፈንገሱ የሚባዛው በሕያው ሥር ላይ ነውና። በቆሎው ሲያድግ ከላይ ተቆርጦ፣ አፈሩ ከነሥሩ ደርቆ፣ ለሽንኩርት ችግኝ ይሆናል። «ለሰው ሲሰጡ ከመደቡ ብቻ ነው» አልኋቸው። ለምን እንደሆነ አልነገርሁም። መመሪያው ላይ ምክንያቱ አልተጻፈም፤ ገበሬ ምክንያት ምን ያደርግለታል ብዬ ይሆናል። እንዲያ ያለሁ ነበርሁ።

ጠዋት ጠዋት መደቡ አጠገብ ቆመው «እንዴት አደራችሁ?» ይላሉ፣ በብዙ ቁጥር። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ከማጀት ሆነው «እኔን አንድ ቀን እንዲህ ብሎኝ ያውቃል? ለሻጋታ ነው እንጂ!» ይላሉ። «አንቺማ ትታይኛለሽ» ይመልሳሉ። ማዳበሪያ እንዳያበዙ ስነግራቸው፣ ተክሉ ሳይለፋ ከጠገበ ባልንጀራውን ይተወዋል ስላቸው፣ «ወይ ጉድ፣ እንደ ሰው ነው ለካ!» ብለው ቁጭ አሉ። በየሳምንቱ አንድ ሥር ነቅለው፣ አጥበው፣ ወደ ፀሐይ አንሥተው «ይኸ ነው?» ይሉኛል። «አይደለም አያ፣ ይህ የሥሩ ፀጉር ነው።» «በይ እሺ። አንድ ቀን ይታያል።»

በሁለተኛው ዓመት ክረምቱ ሳይጠግብ ወጣ። በጥር ጉማራ ድንጋዩ ታየ። የውኃው ተራ ራቀ፣ ሞተሮቹ ጭቃ መትፋት ጀመሩ፣ ወንድማማቾች በቦይ ተደባደቡ። በየማሳው ሽንኩርቱ ተኛ። የአያ ታረቀኝ ግን ሁለት ተራ አልፎት ቆሞ ነበር። ልምላሜው የሚያስቀና አይደለም፤ ጫፉ ቃጠል ቃጠል ብሏል፤ ግን ቆሟል። ሰው እየመጣ ማሳው ዳር ዝም ብሎ ይቆማል። አያ ምትኩም መጡ። ብዙ ቆመው «ታረቀኝ፣ ከዚያ ከሻጋታህ አታካፍለኝም?» አሉ። ቀልድ አልነበረበትም።

«እርሾ ለጎረቤት ተከልክሎ ያውቃል?» አሉ አያ ታረቀኝ።

ነገሩ በዚህ ተወሰነ። በዚያ አገር እርሾ የሚጠይቅ ጎረቤት ባዶውን አይመለስም፤ ቢኮራረፉ እንኳ እርሾ ይሰጣል። የሻጋታውም አፈር እንደዚያው ሆነ። አንዱ ለሁለተኛው ዙር ችግኝ ይወስዳል፣ አንዱ የተኛውን ሽንኩርት ሥር ያለብሳል። መደቡ አለቀ። እኔ ሪፖርት ጻፍሁ፤ ሪፖርቱን ያዩ አለቆቼ የመስክ ቀን ይዘጋጅ አሉ።

የመስኩ ቀን መኪና በመኪና ሆነ። ድንኳን ተተከለ፣ እንግዶች መጡ። አያ ታረቀኝ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ማሳውን አስጎበኙ። ንግግር አልሆነላቸውም፤ «ባልንጀራ ነው» ብለው ይጀምሩና ያቆማሉ። በመጨረሻ ወደ ታችኛው ጥግ፣ ወደ ቦዩ ወሰዱን። አንድ ሽንኩርት ነቀሉ። የሽንኩርቱ ራስ ከግርጌው እንደ ተባዘተ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ለብሷል።

«ታየ!» አሉ። «አየሁት! ከትናንት ወዲያ ነው ብቅ ያለ። ባለሙያዋ አይታይም ስትለኝ፣ ይኸው ራሱ ወጣ! ተመስገን!» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሽንኩርቱን ለእኔ ዘረጉልኝ። «በይ እይልኝ፣ ልጄ። እሱ አይደለም?»

አየሁት። ቅጠሉ ከታች ቢጫ ነበር። በነጩ መሀል የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ቡናማ ድቡልቡሎች ተበትነዋል። ኮሌጅ ሳለሁ በፈተና ላይ ሥዕሉን ሥለሽ አስረጂ ተብዬ ሙሉ ያገኘሁበት ነው። ሥር አበስባሽ። ሽንኩርት አይል፣ ሽምብራ አይል፣ ቲማቲም አይል። ፍሬው አፈር ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል፤ በዶማ፣ በቦይ፣ በጫማ ይሄዳል። የእኛው ባልንጀራ ከሥሩ ውስጥ የማይታይ ነው፤ ይህ የሚታየው ገዳዩ ነው።

እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። ፎቶ የሚያነሣው ያነሣል። አለቃዬ በጆሮዬ «ጎበዝ፣ ስምሽ ከላይ ተጠርቷል» አለኝ። አያ ታረቀኝ ሽንኩርቱን ዘርግተው ፊቴን እያዩ ይጠብቃሉ።

አጨበጨብሁ።

ይህን ለመናገር ነው ይህን ሁሉ የማወራው። እኔም ከእንግዶቹ ጋር አጨበጨብሁ። ሲሄዱ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ሳይሄዱ እኔው ሄድሁ፤ ለግምገማ ደብረ ታቦር ትፈለጊያለሽ ተባልሁና ከመኪናው ገባሁ። ዐሥር ቀን ቆየሁ። አያ ምትኩ ስልክ አላቸው፣ ቁጥራቸውም ነበረኝ። ይህ ነገር በስልክ አይነገርም አልሁ። ውሸቴን ነው። በስልክ ይነገር ነበር። ሁለት ቃል ነው፦ አፈሩን አይንኩት።

ስመለስ በቀጥታ ማሳው ሄድሁ። ታችኛው ጥግ እስከ ጉልበት ተቆፍሯል። አያ ታረቀኝ ዶማቸውን ተደግፈው «መጣሽ? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አከፋፈልሁት። መደቡ አልቆ የለ? ኃይለኛው ደግሞ እዚህ ነው፣ የወጣበት። ዐሥራ አንድ ቤት ወሰደ» አሉኝ። ደስታቸው! ልጅ የዳሩ ነበር የሚመስሉ። ከዚያ ፊቴን አዩ። «ምነው?»

«አያ፣ ያ ነጭ ነገር የእኛው አይደለም። በሽታ ነው።»

ዶማው ከእጃቸው አልወደቀም፤ ምንም አልሆነም። ፊቴን ያዩኛል። «አሁን ነው ያወቅሽ?» አሉ።

«አሁን ነው። ደብረ ታቦር መጽሐፍ አገላብጬ።»

«አሁን ነው» አሉ፣ እንደ መድገም። ሌላ አልጠየቁኝም። ጋቢያቸውን ከድንጋዩ ላይ አነሡና በዚያው ዐሥራ አንዱንም ቤት ዞሩ። በየደጃፉ ቆመው «የሰጠሁህን አፈር አውጣ፤ ተሳስቻለሁ» ይላሉ። ግን አፈር ከተበተነ በኋላ እንዴት ይወጣል? ውኃ ተለቆበታል። እኔ ከኋላቸው እየተከተልሁ አንዲት ቃል አልተነፈስሁም።

ሽንኩርቱ መታመም ሲጀምር በአንድ ሳምንት ተረፈረፈ። ሲነቀል እንደ ገንፎ እጅ ላይ ይቀራል። አያ ምትኩ የማሳቸውን ግማሽ ነቅለው በጆንያ ተሸክመው መጡና፣ የአያ ታረቀኝ በር ላይ ዘረገፉት። ሽታው አጥሩን አልፎ ይሰማ ነበር። «በል ይኸው እርሾህ!» አሉ። አያ ታረቀኝ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነሡ፣ አካፋ አመጡ፣ አንድ በአንድ ለቅመው ጉድጓድ ቀበሩት። አያ ምትኩ እስኪጨርሱ ቆመው አዩአቸው፤ ከዚያ ሄዱ።

ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ከወረዳ የመጣው ኃላፊ «ከማሳ አፈር አውጥተህ አከፋፍል ብሎ ማን አዘዘህ?» አላቸው፣ አንተ እያለ።

«ማንም። ዓይኔ ነው ያታለለኝ።»

«ባለሙያዋስ?»

አያ ታረቀኝ ወደ እኔ አልዞሩም። «ባለሙያዋ አይታይም ብላኝ ነበር። ከመደቡ ብቻ ይስጡም ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁ» አሉ። ሁሉም እውነት ነበር። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርሁና ያሉትን እንዳሉት ጻፍሁ፤ ፊርማቸውን አስፈረምሁ።

በተከታዩ ዓመት ሽምብራውም ተበላ። ሦስት አባወራ መሬቱን አከራይቶ ለሰሊጥ አረም መተማ ወረደ፤ ከሦስቱ አንዱ እዚያው በወባ ቀረ። የሚካኤል ማኅበር ተራ ለአያ ታረቀኝ በደረሰ ጊዜ፣ እትዬ የሺ ጠላ ጠምቀው፣ ዳቦ ደፍተው፣ ሰው ጠበቁ። የመጣነው የነፍስ አባታቸውና እኔ ብቻ ነን። ቄሱ ጸበሉን ባርከው ጥቂት ቀምሰው ወጡ። የቀረውን ዳቦ ማን ይብላው? እትዬ የሺ ቆመው ሲያዩት ቆዩና፣ በነጠላቸው ሸፈኑት። አያ ታረቀኝ ግን «ይገባቸዋል። እኔም ብሆን አልመጣ» አሉ። ያን ቀን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። «ብይ እንጂ፣ አልበላሽም እኮ» አሉኝ። በላሁ።

ትንሽ ቆይቶ ወደ ወረታ ቢሮ ተዛወርሁ፤ ዕድገት ነው የተባለው።

እዚያ አንድ ጊዜ መጡብኝ። በር ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን ይዘው «አፈሩ ይድናል?» አሉ። ሽንኩርትና ሽምብራ ለዓመታት ካልተዘራበት፣ ተገልብጦ ፀሐይ ካገኘ፣ የታመመው እየወጣ ከተቀበረ፣ ሊድን ይችላል አልሁ። አንገታቸውን ነቀነቁና ሄዱ። የሆነውን ኋላ ከሰው ነው የሰማሁት። የዚያን በጋ ዶማና ጆንያ ይዘው ከመጀመሪያው ቤት ጀመሩ። ማንም አልለመናቸውም፤ አንዳንዱም አባሯቸዋል። የበሰበሰበትን ቦታ እየቆፈሩ፣ አፈሩን በጀርባቸው እየተሸከሙ ወስደው በገዛ መሬታቸው ላይ ጥልቅ ጉድጓድ እየቆፈሩ ይቀብራሉ። የራሳቸው ማሳ የበሽታ መቃብር ሆነ። በጋ በመጣ ቁጥር እንዲህ ነበሩ። በዚያ ዕድሜ! ደረታቸውን ያማቸው ነበር አሉ። የወደቁት ዘጠነኛው ቤት ላይ፣ የአያ ምትኩ ማሳ ውስጥ፣ ጆንያውን ሊያነሡ ሲሉ ነው። ያነሷቸው አያ ምትኩ ናቸው።

ጎመኑን ጥዬ በሄድሁ ማግስት ለቅሶ ደረስሁ። መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ነበር። እሳቸውን ባጣ ለእትዬ የሺ እነግራለሁ፤ በሰው ፊት እነግራለሁ፤ ያ ስም ከእሳቸው ይነሣ፣ በእኔ ይሁን። እንዲህ ብዬ ነው የገባሁት። ቤቱ ውስጥ ሰው ጥቂት ነበር። አያ ምትኩ ጥግ ላይ ራሳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እትዬ የሺ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው፣ ሲያዩኝ እጃቸውን ዘረጉልኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እጄን አልለቀቁም።

አልቅሰን ዝም ካልን በኋላ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «እንግዶቹ በመጡ ቀን፣ ያን ነጭ ነገር ሲያሳይሽ፣ ምን እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

የተለማመድሁት ሁሉ ጠፋኝ። «አውቅ ነበር፣ እትዬ» አልሁ።

አያ ምትኩ ቀና አሉ። እትዬ የሺ ግን የተያያዘውን እጃችንን ነበር የሚያዩት።

«እሱ ታውቅ ነበር ይለኝ ነበር» አሉ። «ፊቷን አይቻለሁ፣ አውቃለች፣ ልጅ ናት ፈርታ ነው፣ ለማንም እንዳትናገሪ ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ አታውቅም እለዋለሁ። ብታውቅ ኖሮ አታጨበጭብም፣ ያን ያህል ክፉ አይደለችም እያልሁ፣ ስድስት ዓመት ከባሌ ጋር ስሟገትልሽ ኖርሁ። የሚያጣላን ሌላ ነገር አልነበረንም።»

እጄን አሁንም አልለቀቁም።

«አሁንም እኮ አላውቅም ነበር ብትይኝ ብዬ ነው የጠየቅሁሽ» አሉ።

ከዚያ እጃቸውን ቀስ አድርገው ከእጄ አወጡ። የንፍሮውን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝና «በይ እህል ቅመሽ፤ መንገድ አለብሽ» አሉኝ።